አምቢየንት ሙዚቃን ማድመጥ፦ በዓይነ ሕሊና የሚደረግ ጉዞ

አምቢየንት የሚባለው ሙዚቃ አብዛኛውን ጊዜ የከበሮ ምትም ሆነ ግጥም የለውም። ረጃጅም ድምፆች ከጸጥታ ውስጥ ቀስ ብለው ይወጣሉ፣ ጥቂት ይቆያሉ፣ ተመልሰው ይሰወራሉ። በዚህ ሙዚቃ ዙሪያ ባለፉት 50 ዓመታት ገደማ አንድ የአደማመጥ ልማድ አድጓል። አድማጩ መብራቱን ቀንሶ ይጋደማል ወይም ይቀመጣል፤ ዓይኑን ይጨፍናል፤ ድምፁ በዓይነ ሕሊናው የሚከፍትለትን ስፍራ ተከትሎ ይሄዳል። በአንድ ሥራ ውስጥ አንዱ የባሕር ዳርቻ፣ ሌላው በረሓ፣ ሌላው የልጅነት ቤቱን ግቢ ሊያይ ይችላል። ሙዚቃው ለሥዕሉ ቦታ ይለቃል፤ የሚሥለው አድማጩ ራሱ ነው። ስለ ሙዚቃው ደራሲዎች በውጭ ቋንቋዎች ብዙ ተጽፏል፤ ስለዚህ አደማመጥ በአማርኛ የተሰናዳ ጽሑፍ ማግኘት ግን ያዳግታል። ይህ ዳሰሳ የተዘጋጀው በዚህ ምክንያት ሲሆን፣ በውስጡ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቀደምት ሙከራዎች

ብዙዎች ታሪኩን የሚጀምሩት ከፈረንሳዊው ኤሪክ ሳቲ ነው። ሳቲ በ1917 «የቤት ዕቃ ሙዚቃ» ያለውን አሳብ አመጣ፤ እንደ ወንበርና መጋረጃ በክፍሉ ውስጥ የሚኖር፣ ማንም ልብ ብሎ የማያደምጠው ሙዚቃ ማለቱ ነበር። በ1920 ፓሪስ ውስጥ በአንድ የሥዕል አዳራሽ ሲቀርብ ግን ታዳሚው ወደ መቀመጫው ተመልሶ ጸጥ አለ። ሳቲ እየዞረ እንዲያወሩና እንዲንቀሳቀሱ ቢማጸናቸውም አልሆነለትም። ሰው ጸጥ ያለ ድምፅ ሲያገኝ ወደ ውስጡ መመለስ እንደሚወድ ያን ቀን ታይቷል ማለት ይቻላል። ሙዛክ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ደግሞ በኋላ ለቢሮዎችና ለፋብሪካዎች በሽቦ ሙዚቃ ያሠራጭ ነበር፤ ዓላማው ሠራተኛን ማነቃቃት ስለ ነበር ከያዝነው ጉዳይ ጋር የሚዛመደው በሩቁ ነው።

የብራያን ኢኖ ዘመን

ልማዱ ስምና መልክ ያገኘው በእንግሊዛዊው ሙዚቀኛ ብራያን ኢኖ ነው። በ1975 መጀመሪያ ላይ ኢኖ ለንደን ውስጥ ታክሲ ገጭቶት ቤቱ ተኝቶ ሳለ፣ ጁዲ ናይለን የተባለች ሙዚቀኛ ወዳጁ የ18ኛው መቶ ዘመን የሃርፕ ሙዚቃ የያዘ ሸክላ ይዛለት መጣች። ኢኖ ራሱ እንደ ጻፈው፣ እርሷ ከሄደች በኋላ ሸክላውን እንደ ምንም አጫውቶ ተመልሶ ሲጋደም ድምፁ እጅግ ዝቅ ያለ መሆኑን፣ ከሁለቱ የድምፅ ማጉያዎችም አንዱ እንደማይሠራ አወቀ። ተነሥቶ ለማስተካከል አቅም ስላልነበረው እንዳለ ተወው። ውጪ ዝናብ ነበር፤ ሃርፑም ከዝናቡ ጋር ተደባልቆ የክፍሉ ብርሃንና የዝናቡ ድምፅ አካል የሆነ መሰለው። ናይለን ግን ነገሩ በአጋጣሚ የሆነ እንዳልነበረ ተናግራለች፤ በእርሷ አነጋገር የሃርፑን ድምፅ ከዝናቡ ጋር ሆን ብለው ያመጣጠኑት ሁለቱ አብረው ነው። ከሁለቱ የትኛው ትክክል እንደ ሆነ መፍረድ አይቻልም። በየመጽሐፉ ተደጋግሞ የሚነገረው የኢኖ ቃል ነው፤ የእርሷም ቃል አብሮ ሊነገር ይገባል።

በዚያው ዓመት የወጣው «ዲስክሪት ሚውዚክ» አንዱ ገጽ ከ30 ደቂቃ በላይ የሚወስድ አንድ ሥራ ነው። ድምፁ በአንድ ቴፕ መቅረጫ ላይ ይቀረጻል፤ ያው ክር ወደ ሁለተኛው መሣሪያ አልፎ ከቆይታ በኋላ ይሰማል፤ የተሰማውም ወደ መጀመሪያው ተመልሶ እንደ ገና ይቀረጻል። ሙዚቀኛው ጥቂት ድምፆችን ከሰጠ በኋላ የቀረውን መሣሪያዎቹ ይሠሩታል።

በ1978 የተሰናዳው «ሚውዚክ ፎር ኤርፖርትስ» አምቢየንት የሚለውን ስም ይዞ የወጣ የመጀመሪያው ተከታታይ ክፍል ነው። አሳቡ የመጣለት ጀርመን ውስጥ በኮሎኝ አውሮፕላን ማረፊያ ተቀምጦ ሲጠብቅ ነበር። ከሥራዎቹ አንዱ የሴቶችን ድምፅ የያዙ፣ ጫፍና ጫፋቸው የተገጠመ ርዝመታቸው የተለያየ የቴፕ ክሮችን ይጠቀማል። አንዱ በየ23 ሰከንድ ተኩል፣ ሌላው 26 ሰከንድ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፣ ሦስተኛው ወደ 30 ሰከንድ ገደማ ላይ ይመለሳል። ርዝመታቸው እርስ በርስ ስለማይገጥም ድምፆቹ አንዴ ይቀራረባሉ፣ አንዴ ይራራቃሉ፤ መልሰው በአንድ ቅደም ተከተል ለመገናኘት እጅግ ረጅም ጊዜ ይፈጅባቸዋል። የአድማጩ ምናብ ነጻነት የሚያገኘው ከዚህ ይመስለኛል። ቀጥሎ የሚመጣውን መገመት ስለማይችል መጠበቁን ይተዋል፤ መጠበቁን ሲተው ደግሞ ማየት ይጀምራል። ኢኖ በአልበሙ መግለጫ ላይ ሙዚቃው በልዩ ልዩ የትኩረት ደረጃ ለሚያደምጡ ሁሉ እንዲመች ፈልጎ እንደ ነበር አስፍሯል። የሥራው ስም የሚታወቀው በአውሮፕላን ማረፊያ ቢሆንም፣ በእውነተኛው መንገደኛ ፊት የተሰማባቸው ጊዜያት ጥቂት ናቸው፤ ከእነዚህ አንዱ በኒው ዮርክ ላጓርዲያ አውሮፕላን ማረፊያ የተደረገው ነው።

ከኢኖ ሥራዎች ሁሉ ለምናባዊ ጉዞ የሚቀርበው ግን በ1982 የወጣው «ኦን ላንድ» ነው። ከሥራዎቹ ርእሶች በርካታዎቹ የቦታ ስሞች ናቸው። ከእነዚህ አንዱ ላንተርን ማርሽ፣ ኢኖ ባደገበት በምሥራቅ እንግሊዝ፣ ከቤታቸው ብዙም የማይርቅ ረግረግ ነው። ኢኖ ስለ ቦታው ያለው ስሜት የመጣው ሄዶ ከማየት ሳይሆን በኋላ ስሙን ካርታ ላይ አግኝቶ ምን ሊመስል እንደሚችል ከማሰብ መሆኑን ጽፏል። ሥራውን ያሰናዳው ሰው ራሱ በካርታና በምናብ የተጓዘ ነበር ማለት ነው። ለዚህ አልበም መነሻ ከሆኑት ነገሮች አንዱ በአፍሪካ ምድር የተገኘ መሆኑ ደግሞ ብዙ አይነገርለትም። ኢኖ ጋና በነበረበት ጊዜ ማታ ማታ በረንዳ ላይ ተቀምጦ፣ የአካባቢውን ድምፅ ከየአቅጣጫው በማይክሮፎን እየተቀበለ በጆሮ ማዳመጫ ይሰማ ነበር። እነዚህ ድምፆች ሁሉ በአንድ ማዕቀፍ ውስጥ ሲገቡ እንደ ሙዚቃ ተሰሙት።

የጠፈር ሙዚቃና ሬዲዮ

በጀርመን ታንጀሪን ድሪም የተባለው የሙዚቃ ቡድንና ሙዚቀኛው ክላውስ ሹልትዘ ከኢኖ ቀደም ብለው፣ በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ ኮከብና ጠፈርን የሚያሳስቡ ረጃጅም ሥራዎችን አውጥተዋል። ለልማዱ ጀማሪነት ክብሩ ለእነርሱ ይገባል የሚሉ አሉ፤ ክርክሩ ዛሬም አልበረደም።

አድማጩን እንደ ተጓዥ ቆጥሮ በስሙ የጠራው ግን አንድ የሬዲዮ ዝግጅት ነው። ስቲቨን ሂል በ1973 በካሊፎርኒያ በርክሌይ ከተማ በሚገኘው ኬፒኤፍኤ ጣቢያ ሌሊት ላይ የሚተላለፍ ፕሮግራም ጀመረ፤ ጥቂት ቆይቶ አና ተርነር አብራው ታዘጋጅ ጀመር። ስሙ «ሃርትስ ኦቭ ስፔስ»፣ የጠፈር ልቦች፣ ነው። ከ1983 አንሥቶ የአንድ ሰዓት ዝግጅት ሆኖ በሳተላይት አማካይነት በመላው አሜሪካ ለሚገኙ የሕዝብ ሬዲዮ ጣቢያዎች መዳረስ ጀመረ። አሠራሩ በጥንቃቄ የተሞላ ነው። አዘጋጁ መጀመሪያ ላይ በለሰለሰ ድምፅ ጥቂት ይናገራል፤ ከዚያ በኋላ አንዱ ሥራ ከሌላው ጋር ያለ ስፌት ተያይዞ ይፈስሳል፤ መጨረሻ ላይ የሙዚቀኞቹን ስም ነግሮ ለአድማጮቹ ሰላማዊ ጉዞ ይመኛል። በመካከል ምንም ዓይነት ንግግር አይገባም። ብዙ አሜሪካውያን ይህን ሙዚቃ መጀመሪያ የሰሙት በሌሊት መኪና ሲነዱ ወይም አልጋቸው ላይ ሆነው በዚህ ፕሮግራም ነው። ሙዚቃውን ከየሙዚቀኛው ጓዳ አውጥቶ ለሕዝብ በማድረስ የዚህን ዝግጅት ያህል የደከመ የሬዲዮ ሥራ ማግኘት ይከብዳል።

በጃፓን ሂሮሺ ዮሺሙራ በ1982 ለቶኪዮው ሃራ ሙዚየም የሚስማማ እጅግ የጠራ ሥራ አበረከተ። ኬኤልኤፍ የተባሉት የብሪታኒያ ጥንድ ሙዚቀኞች ደግሞ በ1990 «ቺል አውት» በተባለው አልበማቸው አድማጩን በሌሊት ከቴክሳስ ወደ ሉዊዚያና ወሰዱት። ባቡር ያልፋል፣ በግ ይጮኻል፣ የሩቅ ሬዲዮ ይሰማል፤ መንገዱ ግን ከሙዚቀኞቹ ምናብ የወጣ ነው።

መሪና ተጓዥ

በሙዚቃ የሚደረግን የምናብ ጉዞ በሥርዓት ያደራጀችው ቫዮሊን ተጫዋቿና የሙዚቃ ሕክምና ባለሙያዋ ሄለን ቦኒ ናት። ቦኒ በአሜሪካ ሜሪላንድ የአእምሮ ሕክምና ምርምር ማዕከል ስትሠራ፣ ኤልኤስዲ በተባለው ንጥረ ነገር ለሚደረጉ የሕክምና ሙከራዎች ሙዚቃ የመምረጥ ኃላፊነት ነበረባት። ከዚያ ተነሥታ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ያለ ምንም መድኃኒት በሙዚቃ ብቻ የሚሠራ ዘዴ አወጣች። በመጀመሪያ ንግግር አለ፤ ቀጥሎ ሰውነት እንዲላላ ይደረጋል፤ ከዚያ ሙዚቃው ይከፈታል። አድማጩ «ተጓዥ» ይባላል፤ ዓይኑን ጨፍኖ ያየውን ይናገራል፣ መሪዋም እየጠየቀች ትከተለዋለች። ሙዚቃው ሲያበቃ ተጓዡ ብዙ ጊዜ በክብ ውስጥ ሥዕል ይሥላል፤ ስላየውም ይነጋገራሉ። ቦኒ የምትጠቀመው በአብዛኛው የምዕራቡን ዓለም ክላሲካል ሙዚቃ ነበር። ዘዴዋ የሠለጠነ ባለሙያ የሚፈልግ ሲሆን፣ ቤት ውስጥ ለብቻ ከሚደረገው ማድመጥ ጋር አንድ አድርጎ ማየት ስሕተት ነው።

የእንቅልፍ ኮንሰርቶች

አሜሪካዊው ሙዚቀኛ ሮበርት ሪች በ1982 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ ታዳሚው ፍራሽና ብርድ ልብስ ይዞ መጥቶ የሚተኛበት ሌሊቱን ሙሉ የሚቆይ ኮንሰርት ጀመረ። ሪች የፈለገው በእንቅልፍና በንቃት መካከል ያለውን፣ ምስል ሳይጠሩት የሚመጣበትን ሰመመን ነበር። የሙዚቃ ደራሲው ማክስ ሪክተር በ2015 ከስምንት ሰዓት በላይ የሚወስደውን «ስሊፕ» ይዞ ሲመጣ ልማዱ በታላላቅ አዳራሾች አልጋ እስከ መዘርጋት ደረሰ።

ከበገና ጋር ያለው ዝምድና

የአማርኛ አንባቢ ይህን ሁሉ ሲሰማ በዐቢይ ጾም በሬዲዮ የሚሰማውን በገና ማስታወሱ አይቀርም። የአሥሩ አውታር ዝግታ፣ እንዚራ የሚባለው በአውታሮቹ ሥር ያለ ቆዳ የሚሰጠው ንዝረት፣ የዜማው ተደጋጋሚነት፣ ሁሉም አድማጩን ወደ ራሱ ይመልሱታል። ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው፤ የበገና ነፍሱ ግጥሙ ነው፤ አድማጩም የሚሄደው ወደ ንስሓና ወደ ጸሎት፣ ወደ ታወቀ ስፍራ ነው። የዓለሙ አጋ በገና «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ 11ኛ ቅጽ ሆኖ ወደ ውጭ ከወጣ በኋላ፣ አማርኛ የማይሰሙ አድማጮች ድምፁን ብቻ ይዘው በራሳቸው ምናብ መጓዝ ችለዋል። መልእክቱ ቢያመልጣቸውም ድምፁ ያን ያህል ኃይል ያለው መሆኑ የሚያኮራ ነው።

ዛሬ

በስልክ በሚሰሙ የሙዚቃ አገልግሎቶች ላይ አምቢየንት ለእንቅልፍ፣ ለጥናትና ለጭንቀት ማስታገሻ በተሰናዱ ዝርዝሮች ውስጥ ተበትኖ ይገኛል። በ2011 ማርኮኒ ዩኒየን የተባለው የእንግሊዝ ቡድን ያወጣው «ዌይትለስ» «በዓለም እጅግ የሚያረጋጋ ሙዚቃ» ተብሎ ተወርቶለታል፤ ወሬው የተነሣው ግን አንድ የገላ መታጠቢያ ሳሙና አምራች ካሠራው ሙከራ ስለሆነ በጥንቃቄ መያዝ አለበት። ዝግ ያለ ሙዚቃ ብዙ ሰዎችን እንደሚያረጋጋ አያከራክርም። ነገር ግን ለመተኛት ብቻ የተከፈተ ሙዚቃ ጉዞውን ሳይጀምር ያቋርጠዋል፤ ሁለትና ሦስት ደቂቃ እየሆነ የተቆራረጠ ሥራም ምናብ ሥር እንዲይዝ ጊዜ አይሰጠውም። በዚህ ልማድ የቆዩ አድማጮች አንድን ሥራ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ በዝቅተኛ ድምፅ፣ ስልክን ከአጠገብ አርቀው መስማትን ይመርጣሉ። ኢኖ በ2017 «ሪፍሌክሽን»ን ሲያወጣ ከአልበሙ ጎን ለጎን የማያልቅና ራሱን የማይደግም፣ እንደ ቀኑ ሰዓትም መልኩን የሚለውጥ የስልክ መተግበሪያ አብሮ አቅርቧል፤ በዚህኛው አድማጩ የሚያቆመው ሙዚቃው ስላለቀ ሳይሆን ራሱ ሲፈልግ ነው።