ኳሊፋይንግ ኦፈር ምንድን ነው?

የአሜሪካ ቤዝቦል የውድድር ዘመን አልቆ ቡድኖች አውትፊልደር (የሜዳውን ውጨኛ ክፍል የሚጠብቅ ተጫዋች) ፍለጋ ሲወጡ፣ በ2024 ውሉ አልቆ ከኒውዮርኩ ክለብ ያንኪስ ወደ ሌላው የኒውዮርክ ክለብ ሜትስ ስለሄደው አውትፊልደር ስለ ሁዋን ሶቶ አንድ አባባል ይመለሳል፦ «ያንኪስ ለሁዋን ሶቶ 21 ሚሊዮን ዶላር አቅርበው ናቁት፤ ሜትስ በ765 ሚሊዮን አከበሩት።» ይህን ስሰማ ዝም ማለት ያቅተኛል። ሁለቱ ቁጥሮች ለንጽጽር ጎን ለጎን አይቀመጡም። 21.05 ሚሊዮኑ ኳሊፋይንግ ኦፈር ነበር፤ ይኸውም ክለብ ውሉ ላለቀ የራሱ ተጫዋች የሚያቀርበው የአንድ ዓመት ውል ነው። በእውነተኛው ድርድር ያንኪስ እስከ 760 ሚሊዮን መድረሳቸው በሰፊው ተዘግቧል። ታዲያ ንቀቱ የቱ ላይ ነው?

የኳሊፋይንግ ኦፈርን መጠን ክለብ አይወስነውም። የሊጉ 125 ከፍተኛ ተከፋዮች ደመወዝ አማካይ ተሰልቶ የሚወጣ ነው፤ በዚያ ዓመት ለሚቀርብለት ተጫዋች ሁሉ እኩል ነው፣ ውሉም የአንድ ዓመት ብቻ ነው።

የታክሲ ታሪፍን አስቡ። «በታሪፍ እንሂድ» ያለ ተሳፋሪ ሹፌሩን አልሰደበም፤ ታሪፉን ያወጣው እሱ አይደለማ። ሹፌሩ የተሻለ ኮንትራት አገኛለሁ ካለ እምቢ ብሎ ይሄዳል። እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር እንጨምር፦ የኮንትራቱ ተሳፋሪ ከሹፌሩ ሒሳብ ሌላ ለተራው የሚከፍለው ቅጣት አለበት፤ መጀመሪያ የጠየቀውም ባዶ እጁን አይቀርም። ሹፌሩ «እሺ፣ ግቡ» ካለ ደግሞ ተሳፋሪው ሐሳቤን ቀየርኩ ማለት አይችልም።

እምቢ ያለውን ተጫዋች የሚያስፈርም ሌላ ክለብ ቅጣቱን የሚከፍለው በድራፍት (ክለቦች አዳዲስ ወጣት ተጫዋቾችን በየተራ በሚመርጡበት ሥርዓት) ዕድሉ ነው። ሜትስ ሶቶን ሲወስዱ በ2025ቱ ድራፍት ሁለተኛና አምስተኛ ምርጫቸውን፣ ከውጭ አገር ወጣቶች ማስፈረሚያ በጀታቸውም 1 ሚሊዮን ዶላር አጡ። ያንኪስ በካሳ ከአራተኛው ዙር በኋላ አንድ ምርጫ አገኙ። የሜትስን ቅጣት ግን ለሁሉም ክለብ አትገልብጡት፤ ሊጉ ካወጣው የደመወዝ ጣሪያ አልፎ ለዚያ ግብር የከፈለ ክለብ የሚያጣው ካልከፈለው ይበልጣል፤ ካሳውም እንደዚሁ ይለያያል።

በኖቬምበር 2025 የሆነውን ደግሞ ተመልከቱ። ያንኪስ ለሴንተር ፊልደራቸው (ለመሐል አውትፊልደራቸው) ለትሬንት ግሪሻም 22.025 ሚሊዮን አቀረቡ፤ እሱም ተቀበለ። ያኔ ደግሞ ያው «ሶቶን ናቁት» ባይ ዞሮ «ተታለሉ፣ የዋጋውን እጥፍ ከፈሉ» አለ! ግሪሻም በ2024 የመምታት አማካዩ .190 ብቻ (ደካማ ቁጥር ነው)፣ ሆም ረኑ (ኳሱን ከአጥሩ ውጭ ያሻገረበት ምት) 9 ነበር፤ በ2025 ግን 34 ሆም ረን መታ። የቱ ነው እውነተኛው ግሪሻም? በአንድ ጥሩ ዓመት ተማምኖ የአራት ወይም የአምስት ዓመት ውል መስጠት ነው የሚያስፈራው። እምቢ ብሎ ለሌላ ክለብ ቢፈርም ያንኪስ የድራፍት ምርጫ ያገኙ ነበር፤ እሺ ስላለ ደግሞ አውትፊልደር ፍለጋቸው በአንድ ሰው ቀነሰ፣ ያውም ለአንድ ዓመት ግዴታ ብቻ። እርግጥ ነው፣ ከጣሪያው በላይ ላለ ክለብ 22 ሚሊዮን 22 ሚሊዮን ብቻ አይደለም፤ ግብሩ ይከተለዋል። በዚህ በኩል «ተወደደ» የሚል ካለ እሰማዋለሁ። ዋጋው የድርድር ውጤት ነው የሚለውን ግን አልቀበልም።

በዚያው ሰሞን የቺካጎ ካብሱ አውትፊልደር ካይል ታከር ክለቡ ያቀረበለትን ተመሳሳይ 22.025 ሚሊዮን አልቀበልም አለ። የረጅም ጊዜ ውል እንደሚጠብቀው የሚያውቅ ሰው ምን ይሁን ብሎ ይቀበል? ለእሱም ሆነ ለግሪሻም የቀረበው ቁጥር አንድ መሆኑ ብቻውን የተጫዋች ዋጋ እንደማይለካበት ያሳያል።

ለሌላው የያንኪስ አውትፊልደር ለኮዲ ቤሊንጀር ደግሞ ኳሊፋይንግ ኦፈር ጭራሽ አልቀረበለትም። ይህንንም «ያንኪስ አልፈለጉትም» ብለው የተረጎሙ ነበሩ። ደንቡ ግን አንድ ተጫዋች በዕድሜው ከአንድ ጊዜ በላይ አይቀርብለትም ይላል፤ ካብስ በ2023 አቅርበውለት እምቢ ብሎ ነበር። በዓመቱ አጋማሽ ቡድን ለቀየረ ተጫዋችም አይቀርብም። ስለዚህ በዚያ ገበያ አውትፊልደር ለሚፈልግ ክለብ ቤሊንጀር ገንዘብ እንጂ የድራፍት ምርጫ አያስከፍልም ነበር።

ይህ ሁሉ የቆመው በክለቦችና በተጫዋቾች ማኅበር የጋራ ስምምነት ላይ ነው፤ ስምምነቱም ዲሴምበር 1 ቀን 2026 ያበቃል።