«ጥቁርና ነጭ ፊልም» ምንድን ነው?

ጣና ዳር ካፌ ተቀምጬ የማታውን የቴሌቪዥን ፕሮግራም በስልኬ አያለሁ። ከአንዱ ፊልም ስም ጎን «ማሳሰቢያ፦ ጥቁርና ነጭ ነው» ይላል። ማሳሰቢያ! ደም የሚፈስበት ፊልም ይመስል። ከጎኔ የተቀመጠው ሰውዬም አየት አድርጎ «ቀለም የሌለው አሮጌ ፊልም ማን ያያል?» አለኝ።

ካሜራማን ነኝና ዝም ማለት አልቻልኩም።

መጀመሪያ «አሮጌ» የሚለው። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሲጀምር ሥርጭቱ ጥቁርና ነጭ ነበር። በዚያ ዘመን በቀለም የተቀረጸ ፊልምም ቤታችን የሚደርሰው ጥቁርና ነጭ ሆኖ ነው። ያ የመሣሪያው አቅም እንጂ የፊልሙ ጠባይ አይደለም። የኃይሌ ገሪማ ጥቁርና ነጭ ፊልም «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» እ.ኤ.አ. በ1976 ሲወጣ የቀለም ፊልም ብርቅ አልነበረም። የአልፎንሶ ኩዋሮን ጥቁርና ነጭ ፊልም «ሮማ» ደግሞ እ.ኤ.አ. የ2018 ሥራ ነው።

የበለጠ የሚያናድደኝ «ቀለም የሌለው» የሚለው ነው። የጾም ወጥ ከዶሮ ወጥ ላይ ዶሮው ወጥቶ የቀረ ቁሌት ነው እንዴ? እናቶቻችን ቅቤ እንደማይገባበት አውቀው ነው ሽንኩርቱን የሚያቁላሉት። ቅመሙም እሳቱም ለዚያው ይመጠናል። ጥቁርና ነጭ የሚቀርጽም እንደዚያው ነው።

ቀይ ሹራብ የለበሰ ልጅ ደንገል መሀል በታንኳ ሲያልፍ አስቡ። በቀለም ከሩቅ ይለያል። በጥቁርና ነጭ ግን ቀዩም አረንጓዴውም ተቀራራቢ ግራጫ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ልጁ ደንገሉ ውስጥ ይጠፋል። ስለዚህ ወይ ሹራቡ ይቀየራል፣ ወይ ፀሐይዋ ከጀርባው እስክትመጣ ይጠበቃል፣ ወይ ሌንሱ ላይ ቀይ ፊልተር ይገባል። ቀይ ፊልተር ቀዩን ያነጣዋል፤ ቅጠሉንና ሰማያዊውን ሰማይ ያጠቁረዋል። ደመናው ያን ጊዜ ጎልቶ ይወጣል። (ቀይ ብርሃን የማይቀበል የጥንት የካሜራ ፊልም ጥቅል ላይ ግን ይህን አትሞክሩት። ምስል አታገኙም።)

«ሮማም እኮ በቀለም ካሜራ ነው የተቀረጸው» የሚለኝ አይጠፋም። ልክ ነው፣ ቀለሙ የወጣው በኋላ ነው። ግን ከመነሻው የታሰበው ለጥቁርና ነጭ ነበር። በጾም ቀን የተሠራ ሽሮ ነው፤ ቅቤው ጓዳ ውስጥ መኖሩ ወጡን አይለውጠውም።

ዛሬ ማታ የምታዩት ከሆነ የቴሌቪዥናችሁን ብርሃን ትንሽ ቀንሱት። ምግብ ቤቶች ውስጥ እስከ ጥግ ይከፈትና ግራጫው ሁሉ ታጥቦ ይጠፋል። ፕሮግራም የምታዘጋጁ ደግሞ፣ እባካችሁ፣ በማሳሰቢያው ቦታ ፊልሙ የወጣበትን ዓመትና የዳይሬክተሩን ስም ጻፉልን።