«የምታነበውን ታስተውለዋለህን?»፦ ለአይሁድ ወገኖች መጽሐፉን ስንከፍት

ዓርብ ረፋድ ላይ ቴል አቪቭ፣ አለንቢ መንገድ፣ የካርሜል ገበያ መግቢያ ሰው እንደ ጎርፍ ነው። ሰንበት ሳይገባ ሁሉም ይሮጣል። አንዱ የሰንበት ዳቦውን በብብቱ ይዟል፣ ሌላዋ አበባ ታቅፋለች። እኛ ደግሞ ጥግ ይዘን አንዲት ትንሽ ጠረጴዛ ዘርግተናል። ጠረጴዛዋ ላይ በዕብራይስጥ የታተመ ታናክ አለ፤ እኛ ብሉይ ኪዳን የምንለው ነው። ከጎኑ ጥቂት በራሪ ጽሑፍ አስቀምጠናል።

ወገኖች፣ ዛሬ ስለዚህች ጠረጴዛ ልጽፍላችሁ ነው። በእስራኤልም በአሜሪካም በአውሮፓም ያላችሁ፣ ብዙዎቻችሁ አይሁዳዊ ጎረቤት ወይም የሥራ ባልደረባ አላችሁ። «እንዴት ብለን እንንገራቸው?» ትሉኛላችሁ። እኔም ስጀምር የማውቀው ዘዴ አንድ ብቻ ነበር፤ መስበክ። አገር ቤት እንደለመድኩት ድምፄን ከፍ አድርጌ እናገራለሁ። ሰው ግን መንገድ ቀይሮ ያልፈኛል። ዓይኔን የከፈቱልኝ አንድ ሽማግሌ ናቸው።

ኪፓ፣ የአይሁድን ትንሽ ቆብ፣ ያደረጉ፣ ጢማቸው የሸበተ ሰው ነበሩ። ጠረጴዛዋ ጋ ቆም ብለው «ምንድን ነው የምትሸጠው?» አሉኝ። «አልሸጥም፤ ኢሳይያስ 53ን አብረን እንድናነብ ነው» አልኩና ወዲያው ስብከቴን ጀመርኩ። ምዕራፉ ስለ ሌሎች በደል ስለ ቈሰለው የእግዚአብሔር አገልጋይ የሚናገር ነው፤ እኛ ክርስቲያኖች ስለ ኢየሱስ ነው እንላለን። እጃቸውን አነሱ። «ቆይ፣ ቆይ። ዕብራይስጥ የእኔ ቋንቋ ነው። እኔ ላንብብልህ።» መነጽራቸውን ከኪሳቸው አወጡ፣ በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉት። ጣታቸውን ከመስመሩ ሥር እያስኬዱ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አነበቡ። ቁጥር 5 ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ዘገየ። ምዕራፉን እስከ መጨረሻው አነበቡና «ራሺ ይህ ስለ ሕዝባችን ነው ይላል» አሉኝ። ራሺ ማን እንደሆነ አላውቅም ነበር። ዝም አልኩ። ፌስታላቸውን አነሱ፣ «ሻባት ሻሎም»፣ ሰላማዊ ሰንበት፣ ብለውኝ ሄዱ።

ያን ቀን ማታ አፈርኩ። የመጽሐፉን ባለቤቶች መጽሐፋቸውን ላስተምር የወጣሁ ሰው፣ እነሱ እንዴት እንደሚያነቡት ጠይቄ አላውቅም።

ራሺ እ.ኤ.አ. በ1040 ተወልዶ በ1105 የሞተ፣ የፈረንሳይ ከተማ የትሯ ሰው፣ የአይሁድ መጽሐፍ ተርጓሚ ነው። እስከ ዛሬ አይሁድ ኦሪትን ሲያጠኑ የእሱን ማብራሪያ ከጎን ያነባሉ። የኢሳይያስ 53 አገልጋይ የእስራኤል ሕዝብ ነው ብሎ ተርጉሟል። ሐሳቡ የእሱ ፈጠራ አይደለም። በ3ኛው መቶ ዘመን የነበረው ክርስቲያን ሊቅ ኦሪጌንስ፣ አይሁድ ይህን ትርጓሜ እንደነገሩት ጽፏል። በሌላ በኩል ደግሞ ታርጉም ዮናታን የሚባለው ጥንታዊ የአረማይክ ትርጉም አለ። እሱ ኢሳይያስ 52፥13 ላይ «አገልጋዬ መሢሕ» ይላል። እንግዲህ ሁለቱም ንባብ ከራሳቸው ቤት የወጣ ነው። ይህን ሳውቅ አንደበቴ ረጋ። አሁን አንድ ሰው «ራሺ እኮ» ሲለኝ፣ «አዎ፣ እንዲህ ይላል። ታርጉሙስ ምን ይላል?» ብዬ እጠይቃለሁ። ጨዋታው ከዚያ ይጀምራል።

አንድ ነገር ደግሞ ልለምናችሁ። «ረቢዎች ይህን ምዕራፍ ከሕዝቡ ደብቀውታል» የሚል ወሬ በእኛ መካከል ይዞራል። እውነት ነው፣ በምኩራብ የነቢያት ንባብ ላይ የአንዱ ሰንበት ክፍል ኢሳይያስ 52፥12 ላይ ያበቃል፤ የሚቀጥለው ሰንበት ከ54፥1 ይጀምራል። 53 ሳይነበብ ይታለፋል። ነገር ግን ከነቢያት መጻሕፍት በምኩራብ የሚነበበው ጥቂቱ ክፍል ነው፤ ሳይነበቡ የሚቀሩት ምዕራፎች ብዙ ናቸው። መጽሐፉ ደግሞ በየቤቱ መደርደሪያ ላይ አለ። እ.ኤ.አ. በ1947 ሙት ባሕር አጠገብ፣ ቁምራን ዋሻ ውስጥ የተገኘው የኢሳይያስ ጥቅልል ከ7 ሜትር ይበልጣል። ጌታ ከመወለዱ ከመቶ ዓመት በፊት የተጻፈ ነው፤ 53ም አለበት። የጻፉት አይሁድ ናቸው። ጳውሎስ በሮሜ 3፥2 የእግዚአብሔር ቃል አደራ የተሰጠው ለእነሱ ነው ይላል። አደራውን ጠብቀው ላቆዩልን ሰዎች «ደበቃችሁ» እያልን እንዴት ስለ እውነት እንመሰክራለን?

አሁን የሐዋርያት ሥራ 8ን ክፈቱ። ጃንደረባችን በሠረገላው ተቀምጦ ኢሳይያስን ያነባል። ፊልጶስ ሮጦ ደረሰ። መጀመሪያ ያደረገው ምንድን ነው? ሰማ። ቀጥሎስ? ጠየቀ፤ «በውኑ የምታነበውን ታስተውለዋለህን?» ጃንደረባውም በጥያቄ መለሰ፤ «የሚመራኝ ሳይኖር ይህ እንዴት ይቻለኛል?» ከዚያ በኋላ ነው ፊልጶስ አፉን የከፈተው፤ እሱም «ከዚህም መጽሐፍ ጀምሮ»። ሰውየው ካለበት ገጽ ላይ ጀመረ።

ይህን ታሪክ ከሕፃንነታችን ጀምሮ ሰምተነዋል። የእኛ ሰው ስላለበት ደስ ይለናል። ግን ሠረገላው ላይ የወጣው አይሁዳዊ ነበር፤ ጥቅልሉም የአይሁድ ነበር። ኢትዮጵያዊው ጌታውን ያወቀው በአይሁዳዊ ሰው አፍ፣ ከአይሁድ መጽሐፍ ነው። ዛሬ ተራው የእኛ ሆኖ ያንኑ ጥቅልል ለባለቤቶቹ ስንከፍት፣ ብድር እንደሚመልስ ሰው አንገታችንን ዝቅ አድርገን ነው መቆም ያለብን። በሮሜ 11፥18 «በቅርንጫፎች ላይ አትመካ» የተባለው ለእኛ ነው። ሥሩ እኛን ይሸከመናል እንጂ እኛ ሥሩን አንሸከምም።

ጥቂት የመንገድ ነገር ልንገራችሁ። በዕብራይስጡ መጽሐፍ የቁጥሮች አቆጣጠር አንዳንድ ቦታ ይለያል። የእኛ ሚክያስ 5፥2 እዚያ 5፥1 ነው፤ ኢሳይያስ 9፥6 ደግሞ 9፥5። ዳንኤልን ከሕዝቅኤል ቀጥሎ ብትፈልጉት አታገኙትም፤ ወደ መጨረሻ ነው፣ ዕዝራ አጠገብ። ሰው ፊት ቆሞ ገጽ እያገላበጡ መጥፋት ልብ ይሰብራል፤ አይቼዋለሁ። ጌታን ይሹዓ ብላችሁ ጥሩት፣ የእናቱ ቋንቋ ነው። አዲስ ኪዳን በዕብራይስጥ ብሪት ሐዳሻ ይባላል፤ ኤርምያስ 31 ላይ ለእስራኤል ቤትና ለይሁዳ ቤት የተነገረው ቃል ራሱ ነው። ከሁሉም በላይ ግን መጽሐፉን ለሰውየው ስጡት። ራሱ ያንብብ። በራሱ ድምፅ ይስማው።

የእስራኤል ሕግ ስለ እምነት መናገርን አይከለክልም። እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣው ሕግ የሚከለክለው ሰው ሃይማኖቱን እንዲቀይር ገንዘብ ወይም ሌላ ጥቅም መስጠትን ነው፤ እስከ 5 ዓመት ያሳስራል። ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆችንም ሃይማኖት ቀይሩ ብሎ ማግባባት ወንጀል ነው። ሕጉ ባይኖር እንኳ እኔ ይህን አላደርገውም። ለምን ብትሉኝ፣ በአገራችን የሆነውን ስለማውቅ ነው።

አይሁድ መስቀል ሲያዩ እ.ኤ.አ. በ1096 በራይን ወንዝ ዳር ከተሞች በመስቀል ጦረኞች እጅ የታረዱትን፣ በ1492 ከስፔን የተባረሩትን ያስባሉ። እኛ ግን «ያ የፈረንጆቹ ነው» ብለን ማለፍ አንችልም። በ15ኛው መቶ ዘመን ዐፄ ይስሐቅ የተጠመቀ ብቻ የአባቱን ርስት እንዲወርስ አወጀ ይባላል። ቤተ እስራኤል፣ የአገራችን አይሁድ፣ ርስት አልባ ሆኑ። መሬት ያጣ ሰው ብረት ቀጠቀጠ፣ ሸክላ ሠራ። ጎረቤቱ ክርስቲያን በሠራለት ማረሻ እያረሰ «ቡዳ» አለው። ጥምቀትን በመሬት የሸጥን እኛ ነን።

ባለፈው ሳምንት ሬሆቮት አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ነጠላ የለበሱ እናት አጠገብ ተቀመጥኩ። «እንደምን ዋሉ እማማ» ስል ፊታቸው በራ። «የየት አገር ልጅ ነህ?» አሉኝ። ጎንደር አልኳቸው። እሳቸው እዚያው ጎንደር አጠገብ ያለችው የቤተ እስራኤል መንደር፣ የአምቦበር ናቸው። ትንሽ ተጫወትን። ከዚያ እጄ ላይ ያለውን መጽሐፍ አዩት።

«ክርስቲያን ነህ እንዴ?»

«አዎ እማማ።»

ዝም አሉ። ቆይተው፣ «አባቴ ማረሻቸውን ይሠራላቸው ነበር» አሉ። «እነሱ ግን እኛ ስናልፍ የልጆቻቸውን ፊት ይሸፍናሉ።»

ኪሴ ውስጥ በራሪ ጽሑፍ ነበር። እጄን አልከተትኩም። «ይቅር ይበሉን» አልኩ። ሌላ ቃል አልመጣልኝም።

ጉልበቴን መታ መታ አደረጉኝ። «አንተ ምን አረግህ፣ ልጄ።» ወደ መጽሐፉ አዩና «ኦሪት አለበት?» አሉኝ።

«አለበት። ነቢያቱም አሉ።»

«እስቲ አንብብልኝ። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም።»

«የቱን ላንብብልዎ?»

«የወደድኸውን።»

ኢሳይያስ 53ን አነበብኩላቸው። ቄሱን እንደሚሰማ ሰው ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ራሳቸውን ቀስ አድርገው እየነቀነቁ ሰሙ። «በእርሱም ቍስል እኛ ተፈወስን» ስል «ድገመው» አሉኝ። ደገምኩት። አውቶቡሱ መጣ። ቦርሳቸውን ይዤ አሳፈርኳቸው። ደረጃው ላይ ሆነው ዞር አሉና «ሐሙስ ሐኪም ቤት ቀጠሮ አለኝ፤ በዚሁ ሰዓት እዚህ ነኝ» አሉኝ።

ሐሙስ ስምንት ሰዓት ላይ እዚያው ፌርማታ እገኛለሁ። ጸልዩልን።