ምሁራዊ የመጽሐፍ ግምገማ ምንድን ነው?

«ሪቪው (ግምገማ) ተደርጎበታል፤ ስለዚህ ያለቀለት ጉዳይ ነው» የሚለው አባባል፣ በተለይ ስለ መጽሐፈ ሄኖክ በሚደረጉ ክርክሮች፣ ከመጠን በላይ እየተደጋገመ መጥቷል። ሰሞኑን አንድ አስተያየት ሰጪ፣ ከመጽሐፈ ሄኖክ ምዕራፍ 37 እስከ 71 ያለው ክፍል በሦስተኛው መቶ ዘመን በክርስቲያን እጅ የተጻፈ መሆኑ «በምሁራን ግምገማ ተረጋግጧል» ብለው ጽፈዋል፤ ለማስረጃም ጄስቶር ከተባለው የምሁራን መጽሔቶች ዲጂታል ቋት የወረደ አጭር የመጽሐፍ ግምገማ ጠቅሰዋል። ግምገማውን እስከ መጨረሻው ላነበበው ግን፣ የተጠቀሰው ዓረፍተ ነገር የገምጋሚው አቋም ሳይሆን ገምጋሚው ሊሞግተው ያስቀመጠው የተገመገመው መጽሐፍ ደራሲ አሳብ ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች ተምታተዋል። አንድ የጥናት ጽሑፍ ከመታተሙ በፊት፣ ብዙውን ጊዜ ስማቸው በማይገለጽ የሙያ ባልደረቦች ይመረመራል፤ ይህ አንድ ነገር ነው። መጽሐፉ ከታተመ በኋላ አንድ ባለሙያ በስሙ ፈርሞ በመጽሔት ላይ የሚያወጣው ግምገማ ደግሞ ሌላ ነው፤ ይህንን የመጽሔቱ የግምገማ አዘጋጅ ካረመው በኋላ በአብዛኛው ሌላ መርማሪ አያየውም። ስለዚህ ግምገማ ማለት አንድ የታወቀ ሰው፣ ስለ አንድ መጽሐፍ፣ በአንድ ወቅት የሰጠው ቃል ነው እንጂ የሙያው ማኅበር በአንድ ድምፅ ያሳለፈው ብያኔ አይደለም።

ግምገማ እንዴት እንደሚነበብ ለመረዳት፣ ከገበያ የተመለሰ ሰው ስለ ጤፍ ዋጋ ሲናገር ሰሚው የሚያደርገውን ማስታወስ ይበቃል። የትኛው ገበያ ነው፣ በየትኛው ቀን ነው፣ ተናጋሪው ሻጭ ነው ወይስ ሸማች፣ የእህል ተራውን ዞሮ አይቶታል ወይስ ከአንድ ነጋዴ ብቻ ጠይቆ ተመልሷል ብሎ ሳይጠይቅ ብር የሚቆጥር የለም። ሦስት ሰዎች አንድ ዓይነት ዋጋ ቢናገሩ እንኳ፣ በአንድ መኪና እያወሩ የተመለሱ ከሆኑ እንደ ሦስት ምስክር አይቆጠሩም። በወረቀቱ ዘመን ግምገማው ከመጽሔቱ የኋላ ገጾች ላይ ከመሰሎቹ ጋር ተደርድሮ ስለሚገኝ፣ አንባቢው የገበያ ወሬ እየሰማ መሆኑን አይስተውም ነበር። በዲጂታሉ ፍለጋ ግን ዋጋው ከገበያው፣ ከዕለቱና ከተናጋሪው ተነጥሎ፣ ራሱን እንደቻለ ጥናት መስሎ ይመጣል።

ለመምታታቱ የመረጃ ቋቶቹ አመዘጋገብም አስተዋጽኦ አለው። የግምገማው መዝገብ ጎልቶ የሚያሳየው ብዙ ጊዜ የተገመገመውን መጽሐፍ ርእስ ነው፤ የገምጋሚው ስም ደግሞ በጸሐፊው ቦታ ይሰፍራል። መዝገቡ ወደ ዞቴሮ ወይም ወደ ሌላ የዋቢ ማደራጃ ሲወርድ፣ ርእሱ ከመጽሐፉ፣ ጸሐፊው ከግምገማው፣ ዓመቱም ከመጽሔቱ ሊመጣ ይችላል። በዚህ መንገድ በመመረቂያ ጽሑፍ የዋቢ ዝርዝር ውስጥ የሚገባው መጽሐፍ ማንም ያልጻፈው መጽሐፍ ነው። በመጽሔቱ ስም ውስጥ «ሪቪው» የሚል ቃል መኖሩም ጽሑፉን ግምገማ አያደርገውም፤ ሃርቫርድ ቲኦሎጂካል ሪቪው በዋናነት የጥናት ጽሑፎች የሚወጡበት መጽሔት ነው።

ወደ ሄኖክ እንመለስ። መጽሐፉ በሙሉ የተጠበቀው በግዕዝ ብቻ ነው። ተመራማሪው ጆዜፍ ሚሊክ በሙት ባሕር አጠገብ ባለው በኩምራን አራተኛ ዋሻ የተገኙትን የአራማይክ ቁርጥራጮች በ1976 እ.ኤ.አ. በኦክስፎርድ ሲያሳትሙ፣ ከምዕራፍ 37 እስከ 71 ያለው የምሳሌዎች ክፍል ከቁርጥራጮቹ መካከል አለመገኘቱን በመያዝ፣ ክፍሉ በ270 እ.ኤ.አ. ገደማ የተጻፈ የክርስቲያን ሥራ ነው አሉ። በ1977 ጆናስ ግሪንፊልድና ማይክል ስቶን ይህንን አሳብ በሃርቫርዱ መጽሔት ሞገቱት፤ ዛሬ አብዛኞቹ ተመራማሪዎች ክፍሉን ከክርስቶስ ልደት በፊትና በኋላ ባሉት አንደኛ መቶ ዘመናት መካከል ያስቀምጡታል። የሚሊክን አሳብ የሚያስተዋውቀው የግምገማ አንቀጽ ግን ዛሬም በፍለጋ ይገኛል፤ ከእሱ ቀጥሎ የሚመጣው «ይሁን እንጂ» የሚለው አንቀጽ በፍለጋው ውጤት ላይ አይታይም። አስተያየት ሰጪው የያዙት ይህንኑ ቅንጭብ ነው።

ያንኑ የሚሊክን መጽሐፍ በ1977 ኤድዋርድ ኡለንዶርፍና ማይክል ኒብ በለንደን በሚታተመው የምሥራቅና የአፍሪካ ጥናቶች መጽሔት ላይ በጋራ ገምግመውታል። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ኒብ፣ በኡለንዶርፍ አማካሪነት፣ የግዕዙን ሄኖክ ከነእንግሊዝኛ ትርጉሙ በሁለት ቅጽ አሳተሙ። ገምጋሚዎቹ ስለዚያው ስለ ሄኖክ ጽሑፍ የራሳቸውን ሥራ እያሰናዱ የነበሩ ሰዎች ናቸው ማለት ነው። ይህ ግምገማውን አያረክሰውም፤ እንዲያውም ከእነሱ የተሻለ ጉዳዩን የሚያውቅ ጥቂት ሰው ነበር። ሆኖም ያው በእህል ተራው ውስጥ ሱቅ ያለው ሰው የተናገረው ዋጋ መሆኑን አንባቢው ሊያውቅ ይገባል፤ ይህም የሚታወቀው የ1977ቱንና የ1978ቱን መዝገብ ጎን ለጎን ላስቀመጠ ብቻ ነው።

የጽሑፍ ኅትመት ሥራ የሚያውቅ ሰው እዚህ ላይ ሌላም ስጋት ያነሣል። ሚሊክ የጠፋውን የአራማይክ ንባብ ከግሪኩና ከግዕዙ እየተነሡ በቅንፍ ውስጥ ሞልተዋል። ቅንፉን ሳያስተውል «አራማይኩ እንዲህ ይላል» ብሎ ግዕዙን ሊያርም የሚነሣ ሰው፣ ግዕዙን በራሱ በግዕዙ እያረመ ነው። ጥሩ ግምገማ እንዲህ ያለውን ነገር ገጽና መስመር ጠቅሶ ያሳያል፤ ለሃይማኖት ጥናት ዋነኛ ጥቅሙም ይኸው ነው። «በጉጉት ሲጠበቅ የነበረ ጠቃሚ ሥራ» የሚለው መክፈቻና መዝጊያ የሙያው ጨዋነት ስለሆነ ቢዘለል አይጎዳም፤ መታየት ያለበት መካከሉ ላይ የተደረደረው የንባብ እርማት ነው።

ያ እርማት ደግሞ በዲጂታል ቅጂ በቀላሉ የሚበላሽ ክፍል ነው። በድሮ መጽሔቶች ስካን ውስጥ የግዕዝ ፊደል ሲያጋጥም የፊደል ለቃሚው ፕሮግራም ብዙ ጊዜ ትርጉም የሌላቸው ምልክቶች ይደረድራል፤ በላቲን ፊደል ከነጥብና ከሰረዝ ጋር የተጻፈውም የግዕዝ ቃል ነጥቡን ያጣል። ስለዚህ ቃሉን ፈልጎ ማጣት ግምገማው ስለ ቃሉ ዝም ብሏል ማለት አይደለም፤ የገጹን ምስል ራሱን ከፍቶ በዓይን ማንበብ ግድ ነው።

የአንድን መጽሐፍ ግምገማዎች አሰባስቦ በዓመት ቅደም ተከተል ማንበብ በዲጂታሉ ዘመን እጅግ ቀሏል። በጥንታዊ ግሪክና ሮም ጥናት ላይ የሚያተኩረው የግምገማ መጽሔት ብሪን ማር ክላሲካል ሪቪው ከ1990 ጀምሮ በኤሌክትሮኒክ መንገድ ይወጣል፤ የመጽሐፍ ቅዱስ ተመራማሪዎች ማኅበር የሆነው የሶሳይቲ ኦፍ ቢብሊካል ሊትሬቸር የግምገማ መድረክ አለ፤ በሐምቡርግ እየተዘጋጀ ከ1998 ጀምሮ የሚወጣው ኤቲዮፒካ ደግሞ ስለ ኢትዮጵያና ኤርትራ ጥናት የሚያወጣቸውን ግምገማዎች ያለ ክፍያ ያስነብባል። በቅደም ተከተል ማንበቡ የሚጠቅመው፣ ገምጋሚ በእጁ ያልነበረውን ነገር ሊመዝን ስለማይችል ነው። የኒብ ኅትመት መሠረት በማንቸስተር የሚገኝ የ18ኛው መቶ ዘመን ብራና ነበር፤ በ1983 የወጣው የኤፍሬም ይስሐቅ ትርጉም ግን የጣና ሐይቁን የክብራን ገዳም የ15ኛ መቶ ዘመን ብራና መሠረት አደረገ። ስለ ኒብ ኅትመት ከ1983 በፊት «ከሁሉ የተሻለ ንባብ» የሚል ሙገሳ ቢገኝ፣ ሲነበብ ይህ ልዩነት መታወስ አለበት።

ደራሲው ምን አለ ለሚለው ጥያቄ የሚጠቀሰው መጽሐፉ ራሱ ከነገጹ ነው። ግምገማ የሚጠቀሰው ገምጋሚው ምን አለ ለሚለው ሲሆን፣ የገምጋሚው ስም ይቀድማል፤ የመጽሐፉ ርእስ «ግምገማ» ከሚል ቃል ጋር ይከተላል፤ ከዚያ መጽሔቱ፣ ቅጹ፣ ዓመቱና ገጹ ይሰፍራሉ። መጽሐፉ ካልተገኘ «በእገሌ ግምገማ እንደተገለጸው» ብሎ መጻፍ ነውር አይደለም፤ ነውሩ ይህችን ሐረግ መሰወር ነው።

አስተያየት ሰጪው ካነሡት ውስጥ አንዱን ሳልመልስ ማለፍ አልፈልግም፤ «ግምገማ ያልወጣለት መጽሐፍ ለጥናት አይበቃም» ብለዋል። ለግምገማ የሚደርሱ መጻሕፍት በአብዛኛው አሳታሚው ለመጽሔቱ አዘጋጅ ቅጂ የላከላቸው ናቸው። ትንሣኤ ዘጉባኤ ማተሚያ ቤት ያወጣቸው የአንድምታ መጻሕፍት በእነዚህ መድረኮች ላይ የማይታዩት ተመዝነው ስለ ቀለሉ አይደለም። የውጭ ምሁራን ስለ እነርሱ የሰጡትን አስተያየት የሚፈልግ ሰው ከግምገማ ዝርዝር ይልቅ ስለ አንድምታ ትርጓሜ የተጻፉ ጥናቶችን የግርጌ ማስታወሻ ቢያገላብጥ ይሻለዋል።