«ሄሊኮፕተር ለምን አልላኩልንም?»፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

እዚህ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ግዛት የሚኖሩ አንድ አባት ጎረቤታችን ደረታቸውን ይዘው ሶፋ ላይ ሲዘረጉ፣ ልጃቸው ወደ ድንገተኛ አደጋ ስልክ 911 ደውሎ «ሄሊኮፕተር ላኩልን!» እያለ ይጮህ ነበር። የመጣው አምቡላንስ ነው። ልጁም «አባቴን ናቁብኝ» ብሎ ለብዙ ጊዜ አዘነ።

«ሄሊኮፕተር ሁልጊዜ ይቀድማል»

በሰዓት 240 ኪሎ ሜትር ገደማ ይበራል፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ለታማሚው ጊዜው የሚቆጠረው ከተደወለበት ደቂቃ ጀምሮ ነው። የአየሩ ሁኔታ ይታያል፣ ሞተሩ ይነሣል፣ የኤሌክትሪክ ሽቦና ዛፍ የሌለበት 30 በ30 ሜትር ያህል ሜዳ ይፈለጋል። ብዙ ጊዜ ማረፊያው የትምህርት ቤት ሜዳ ወይም የተዘጋ አውራ ጎዳና ነው፤ ታማሚውም እዚያ የሚደርሰው በአምቡላንስ ነው። ከዚያ ቃሬዛውን ማውረድ፣ መጫን፣ ማሰር፣ ሆስፒታሉ ጣሪያ ላይ ደግሞ እንደገና ማውረድ አለ። ሆስፒታሉ የአሥራ አምስት ደቂቃ መንገድ ከሆነ፣ ይህ ሁሉ ሳያልቅ አምቡላንሱ በሩ ላይ ይቆማል። ሄሊኮፕተር የሚያድነው ከምዕራብ ሜሪላንድ ተራሮች ወይም ከቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ማዶ ባልቲሞር ወዳለው የአደጋ ሕክምና ማዕከል መድረስ ሲያስፈልግ ነው።

«በጣም የታመመ ሁሉ በአየር ይሄዳል»

ልቡ የቆመ ሰው ደረቱን ያለማቋረጥ መጫን ያስፈልጋል፤ በሄሊኮፕተሩ ጠባብ ክፍል ይህ እጅግ ከባድ ነው። የሞተሩ ጩኸት የሳንባን ድምፅ በማዳመጫ እንኳ አያሰማም። ልትወልድ የደረሰች እናትም አብዛኛውን ጊዜ በመኪና ብትሄድ ይሻላል። ጭጋግ ሲኖር ደግሞ አብራሪው «አልነሣም» የማለት ሙሉ መብት አለው። በሴፕቴምበር 2008 እዚሁ ሜሪላንድ ታማሚዎችን የያዘ የፖሊስ ሄሊኮፕተር በመጥፎ አየር ሌሊት ወድቆ፣ ከተሳፈሩት አምስት ሰዎች አራቱ ሞተዋል።

«ቤተሰብ መምረጥ ይችላል»

አይችልም። ውሳኔው በተጻፈ መመሪያ የሚመሩት ባለሙያዎች ነው። የእናንተ ድርሻ አድራሻውንና ያያችሁትን መናገር ነው፤ እንግሊዝኛው ካስቸገራችሁ «አማርኛ» በሉና አስተርጓሚ ጠይቁ።

«ዕዳ ውስጥ ይከተናል»

እኔን ከሁሉ የሚያስፈራኝ ይህ ነው፤ ሂሳቡን ፈርቶ ታማሚውን በራሱ መኪና የሚወስድ ሰው ስላለ። መንገድ ላይ ልቡ ቢቆም ማን ይረዳዋል? ከ1970 ጀምሮ ታማሚ የሚያመላልሰው የሜሪላንድ ፖሊስ ሄሊኮፕተር ታማሚውን አያስከፍልም፤ ወጪው የሚሸፈነው መኪና ስናስመዘግብ ከምንከፍለው ላይ ነው። የግል ኩባንያዎች ግን በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ይጠይቃሉ። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ጀምሮ በፌዴራል ሕግ፣ የግል ኢንሹራንሳችሁ የአየር አምቡላንስን የሚሸፍን ከሆነ፣ ከኢንሹራንሳችሁ ጋር ውል የሌለው ኩባንያ ቢያነሣችሁም የምትከፍሉት ውል ላለው የምትከፍሉትን ድርሻ ብቻ ነው። ብዙዎች የማያውቁት፣ ይህ ሕግ የምድር አምቡላንስን አለመጨመሩን ነው። ስለዚህ ከምድር አምቡላንስ የመጣውን ሂሳብ ዝርዝሩን ሳትጠይቁና ኢንሹራንሳችሁን ሳታነጋግሩ አትክፈሉ።

«አምቡላንስ ማመላለሻ መኪና ብቻ ነው»

ጎረቤታችን ገና ደጃፋቸው ላይ ሳሉ ደረታቸው ላይ ሽቦዎች ተለጥፈው የልባቸው ምት ተነበበ፤ ውጤቱም ቀድሟቸው ሆስፒታል ገባ። ልጁ በኋላ እንደነገረኝ፣ አባቱ ሲደርሱ ሐኪሞቹ ጓንታቸውን አድርገው በር ላይ ይጠብቁ ነበር።