በሎጎ ሐይቅ ላይ በሲሙሌተር ማረፍ፦ የውሃ አውሮፕላን አያያዝ አጠቃላይ ዳሰሳ

የውሃ አውሮፕላን አያያዝን በበረራ ሲሙሌተር ማስመሰል ማለት አውሮፕላኑ በአየር ላይ ከሚያሳየው ጠባይ በተጨማሪ ውሃ ላይ ሲንሳፈፍ፣ ሲንደረደርና ከውሃው ሲላቀቅ የሚሠሩበትን ኃይሎች አስልቶ በስክሪን ላይ ማሳየት ነው። በደሴና በኮምቦልቻ ለሚገኝ ተለማማጅ ቅርብ ከሆኑት የልምምድ ቦታዎች አንዱ ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው፣ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ያለበት ሎጎ ሐይቅ ነው። ሐይቁ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋትና ከ6 ኪሎ ሜትር በላይ ርዝመት ስላለው ለቀላል አውሮፕላን መንደርደሪያ አያንስም፤ የሚያስቸግረው ከፍታው ነው።

የውሃ አውሮፕላን ፍሬን የለውም። ሞተሩ ከተነሳበት ቅጽበት ጀምሮ ይጓዛል፤ ሞተሩ ቢጠፋም ነፋስ ይነዳዋል። ቀጥ ያለው የጭራ ክንፍ ከኋላ በመሆኑ ነፋስ የአውሮፕላኑን አፍንጫ ወደ መጣበት አቅጣጫ ያዞረዋል፤ አብራሪውም በዝግታ ሲጓዝ ይህን የሚቋቋመው በጎማ ፋንታ በተገጠሙለት ተንሳፋፊ እግሮች የኋላ ጫፍ ላይ ባሉት ትንንሽ የውሃ መሪዎች ሲሆን፣ ለመነሳትና ለማረፍ ሲዘጋጅ ግን ወደ ላይ ይሰበስባቸዋል። ከጎን በሚነፍስ ነፋስ ሞተሩን ቀንሶ ሲጠብቅ አፍንጫው የማይዞር ሲሙሌተር ገና ከመነሻው ጉድለት አለበት።

በመነሳት ጊዜ አውሮፕላኑ ሦስት ሁኔታዎችን ያልፋል። በመጀመሪያ እንደ ጀልባ ውሃውን በክብደቱ ልክ ገፍቶ ይንሳፈፋል። ፍጥነቱ ሲጨምር አፍንጫው ይነሳል፣ ከፊቱ የማዕበል ክምር ይሠራል፣ የውሃው ተቃውሞም ከፍተኛ ደረጃ ላይ ይደርሳል። ይህን «ጉብታ» የሚባለውን የተቃውሞ ጣሪያ ካለፈ ውሃው ከታች እየደገፈው በላዩ መንሸራተት ይጀምራል። በተንሳፋፊው ሆድ መካከል ያለው እርከን የተሠራውም ለዚህ ነው፤ ከእርከኑ በኋላ አየር ገብቶ ውሃው የተንሳፋፊውን የኋላ ክፍል መጥባቱን እንዲተው ያደርጋል። እየተንሸራተተ ሳለ አፍንጫው ከልክ በላይ ዝቅ ወይም ከፍ ካለ አውሮፕላኑ ወደ ላይና ወደ ታች መንጠር ይጀምራል፤ ንጥሪያው ካልታረመም እየባሰ ይሄዳል።

ሎጎን ልዩ የሚያደርገው እዚህ ላይ ነው። የሐይቁ ከፍታ በተለያዩ ምንጮች ከ1,900 እስከ 2,030 ሜትር ድረስ ይጻፋል። በ2,000 ሜትር ላይ በመደበኛ የከባቢ አየር ሁኔታ የአየሩ እፍጋት ከባሕር ወለል ይልቅ በ18 በመቶ ገደማ ያንሳል፤ አየር በራሱ የሚስብ የፒስተን ሞተርም ከኃይሉ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። ውሃው ግን እንደ አየሩ አይሳሳም። ስለዚህ ጉብታው በባሕር ዳርቻ እንደነበረው ከባድ ሆኖ ሲቆይ፣ የሚያሻግረው ጉልበት ቀንሷል። ከጉብታው በኋላም ክንፉ ያንኑ ክብደት ለማንሳት አውሮፕላኑ በውሃው ላይ በ10 በመቶ ገደማ ፈጥኖ መሮጥ አለበት፤ የውሃው ፍትጊያ ከፍጥነቱ ጋር የሚያድግ በመሆኑ ጭማሪው ቀላል አይደለም። በሙሉ ጭነት ከሎጎ እንደ ልብ የሚነሳ የሲሙሌተር አውሮፕላን፣ በእኔ ግምት፣ የውሃ ስሌቱ ሊጠረጠር ይገባዋል። የሚጫነውን ነዳጅ መቀነስና ፍጥነት ከተገኘ በኋላ በአይሌሮን (አውሮፕላኑን ወደ ጎን በሚያዘነብለው የክንፍ መሪ) አንዱን ተንሳፋፊ ቀድሞ ከውሃ ማላቀቅ የእውነተኛ አብራሪዎች ዘዴዎች ናቸው፤ በደንብ በተሠራ ሲሙሌተርም ውጤታቸው ይታያል።

ሶፍትዌሮቹ ይህን የሚያሰሉት በተለያየ መንገድ ነው። በ2006 የወጣው ማይክሮሶፍት ፍላይት ሲሙሌተር ኤክስ ተንሳፋፊዎቹን የሚወክለው በመነኪያ ነጥቦች ሲሆን፣ እያንዳንዱ ነጥብ እንደ ስፕሪንግ የሚታጠፍበትና የሚረግብበት ልክ ይሰጠዋል። ዘዴው ለኮምፒውተሩ ቀላል ቢሆንም፣ የውሃውን መጥባትና የማዕበሉን ክምር በራሱ አይወልድም፤ የአውሮፕላኑ ሠሪ ቁጥሮችን እያስተካከለ ማስመሰል አለበት። ኤክስ ፕሌን በበኩሉ በክንፉ ላይ ያለውን ኃይል ክፍል በክፍል አስልቶ የሚደምር ሲሆን፣ ተንሳፋፊዎችንም በአውሮፕላን መሥሪያ ፕሮግራሙ መግጠም ይቻላል። ፍላይትጊር ነፃና ምንጩ ክፍት ስለሆነ የመካኒካል ምህንድስና ተማሪ የኃይሎቹን ስሌት ከፍቶ ሊያነብና ሊያሻሽል ይችላል፤ ለመማር ከሆነ እኔ እርሱን አስቀድማለሁ። የ2020ው ማይክሮሶፍት ፍላይት ሲሙሌተር የመሬቱን ምስል በአመዛኙ ከኢንተርኔት እየሳበ ስለሚሠራ፣ መስመሩ በሚቆራረጥበት ቤት ካርታውን አስቀድሞ በዲስክ ላይ የሚያስቀምጥ ሶፍትዌር ይሻላል።

ጸጥ ያለ ውሃ የራሱ ፈተና አለው። ሐይቁ እንደ መስታወት ሲረጋ ዓይን ከፍታን መለካት ያቅተዋል፤ ውሃውም ተንሳፋፊውን አጥብቆ ስለሚይዝ ለመነሳት ያስቸግራል፤ አብራሪዎችም አስቀድመው ዙሪያውን በመዞር ማዕበል ያስነሳሉ። ለማረፍ ደግሞ ውሃውን በዓይን ከመፈለግ ይልቅ አፍንጫውን በትንሹ አንስቶ፣ ጥቂት የሞተር ኃይል ጨምሮ፣ በደቂቃ 150 ጫማ ገደማ እየወረዱ እስኪነካ መጠበቅ ያስፈልጋል። በሎጎ ላይ ይህን ለመለማመድ ከሐይቁ መሃል ይልቅ የዳርቻውን ዛፎች በጎን እያዩ መውረድ ይመረጣል።