እያወሩ መራመድ ለምን ያቅታል? «ድርብ ሥራ» ምንድን ነው?

አክስቴ የምትኖረው ሐረር ጀጎል ውስጥ ነው። ስኳር ከያዛት ዓመታት አልፈዋል። በቀደም ከፈረስ መጋላ ተነስተን መኪና ግርግር በሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ስናልፍ አንድ ነገር አየሁ። ዝም ስንል ደህና ትሄዳለች። «በርበሬ ስንት ገባ?» ስላት ግን ቀጥ ብላ ቆመች። መለሰችልኝና መንገዷን ቀጠለች። ደግሜ ስጠይቃት ደግማ ቆመች። ደክሟት መስሎኝ ነበር።

ድካም ብቻ አይደለም። እየተራመዱ ማውራት ወይም ማሰብ ለአንጎል ሁለት ሥራ ነው፤ ድርብ ሥራ እንበለው።

ጤነኛ ሰው ሲራመድ ስለ እግሩ አያስብም። የመሬቱን ሁኔታ የእግር ነርቮች ለአንጎል ይነግሩታል። ስኳር ለረጅም ጊዜ ከፍ ሲል እነዚህን ነርቮች ይጎዳል። አክስቴ «ጥጥ የምረግጥ ይመስለኛል» ትላለች። ከእግር ወሬ ሲጠፋ አንጎል ክፍተቱን በዓይንና በትኩረት ይሞላል። እያንዳንዷ እርምጃ ሐሳብ ትፈልጋለች ማለት ነው።

ስኳር ደግሞ አንጎልንም አይምርም። ቀጫጭን የደም ሥሮቹ ሲጎዱ ትኩረትን ማከፋፈልና ቶሎ ማሰብ ይዳከማል። እግር ከአንጎል ሊበደር ሲመጣ አንጎል ራሱ እጅ ያጥረዋል። ያኔ እርምጃ ይዘገያል፣ ያጥራል፣ አንዱ ከሌላው አይመጣጠንም። መውደቅም ይከተላል። ስዊድን ውስጥ ተሠርቶ በ1997 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ይህን ቆም ማለት አስተውሎታል፤ የተጠኑት የስኳር ሕመምተኞች ብቻ ሳይሆኑ በአጠቃላይ አረጋውያን ነበሩ። ሲያወሯቸው የሚቆሙት በቀጣዮቹ 6 ወራት ይበልጥ ወድቀዋል።

ስለዚህ ቆማ ስትመልስ «ምነው፣ ነይ እንጂ!» አትበሏት። መቆሟ ራሷን መጠበቋ ነው። እኔ አሁን ጥያቄዬን ይዤ ቆይቼ ስትቀመጥ ነው የምጠይቃት። ማታ ወደ ሽንት ቤት የሚወስደው መንገድ መብራት አይጥፋ፤ ዓይን ነው የእግርን ሥራ የሚሠራው። ነጠላ ጫማውንም ተረከዝ በሚይዝ ጫማ ቀይረንላታል። አካሄዷ በድንገት ከተበላሸ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም፤ ስኳሯን ለክቶ ወዲያው ሐኪም ቤት መውሰድ ነው።

አንድ የቀረ ነገር አለ። ሜትፎርሚን የሚባለው የስኳር መድኃኒት ለዓመታት ሲወሰድ ቫይታሚን ቢ12ን ሊያሳንስ ይችላል። የቢ12 እጥረት ደግሞ ነርቭንም ማስታወስንም ይጎዳል፤ በደም ምርመራ ከታወቀ ይታከማል። ለአክስቴ የሚቀጥለው ቀጠሮ ላይ እንድናነሳው በካርዷ ጀርባ ጽፌዋለሁ።